ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን አንጎላችንን ምን ያደርገዋል?



ባለፈው ዓመት በአንድ ሰርግ ላይ ታድመን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ ነሺዳው ደምቋል፤ ከመድረኩ ግራና ቀኝ የተተከሉት የዲስኮ መብራቶች ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ እየሆኑ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከመድረኩ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ልጆች መካከል አንዲት የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ዓይኗ በድንገት አንድ ቦታ ላይ ፈጠጠ። ከዚያም ከወንበሯ ተንሸራትታ ወደቀች፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሳንነግራችሁ ትገምቱታላችሁ። አጠገቧ የነበሩት ሸሹ። አንዱ "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" ብሎ ጮኸ። ሌላው ጥርሷን በማንኪያ ሊፈለቅቅ ታገለ። አንዲት እናት "እንዳትነኳት፣ ይተላለፋል!" እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ጎተቱ። "ጂን ነው፣ ቁርኣን ይቀራባት" የሚሉም ነበሩ። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አልጠፋም። ይህ ሁሉ ሲሆን መብራቶቹ በልጅቷ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም ማለታቸውን አላቆሙም። በዚያ አዳራሽ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ መብራቱን ለማጥፋት ያሰበ አልነበረም። እኛም አላሰብንም።

ልጅቷ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነቃች፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደህና ናት። ለዓመታት በመምህርነት ከልጆች ጋር ኖረን ይህን ያህል አለማወቃችን ግን ከነከነን። ብርሃን ሰውን ሊጥል ይችላልን? የሚችል ከሆነስ እንዴት? ለማንስ ያሰጋል? ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብነውንና የተማርነውን በዚህ ጽሑፍ ለማካፈል ወደድን።

ዓይን ይቀበላል፣ አንጎል ይረዳል

ስለ ብርሃንና እይታ ሲነሳ የእኛው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ሊታለፍ አይችልም። በ965 በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ይህ ሙስሊም ምሁር በታላቁ "ኪታቡል መናዚር" ውስጥ ማየት በዓይን ብቻ የሚያልቅ ሥራ እንዳልሆነ፣ ወደ ዓይን የገባው ነገር የሚለየውና የሚታወቀው ከዓይን ወደ ኋላ፣ በአንጎል በኩል እንደሆነ ጽፏል። ማየት ጊዜ የሚወስድ ነገር መሆኑንም በልጆች መጫወቻ፣ በእንዝርት፣ አስረድቷል። ብዙ ቀለም የተቀባ እንዝርት በፍጥነት ሲሽከረከር ቀለማቱ ተለያይተው አይታዩም፤ አንድ ቀለም ይመስላሉ። ምክንያቱም ዓይን እያንዳንዱን ቀለም ለይቶ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም።

ዛሬ ቤታችን ውስጥ ያለው መብራት ከዚያ እንዝርት ጋር ይመሳሰላል። አንድ ብርሃን በሰከንድ አምስት ወይም አሥር ጊዜ ብልጭ ድርግም ቢል ሁላችንም እናየዋለን። ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ አካባቢ ሲደርስ ግን አብዛኞቻችን ብልጭታውን መለየት ያቅተንና ብርሃኑ የማይቋረጥ ይመስለናል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። በእያንዳንዱ ምልልስ ኃይሉ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የድሮው ዓይነት ባላስትና ስታርተር ያለው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። እኛ ግን ዝም ብሎ የበራ ይመስለናል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ "አላየነውም" የምንለውን ብልጭታ ዓይናችንና አንጎላችን ይቀበሉታል። የምናየውን ብልጭታ ደግሞ አንጎላችን ከመቀበልም አልፎ አብሮት ይመታል።

አንጎል ከብርሃኑ ጋር ሲመታ

በአንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚገመቱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክና የኬሚካል መልእክቶች ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሀንስ በርገር የራስ ቅልን ሳይከፍት፣ በጭንቅላት ቆዳ ላይ በተለጠፉ ሽቦዎች ይህን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመመዝገብ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 ይፋ አደረገ። ዛሬ በሆስፒታሎች "ኢ.ኢ.ጂ" የሚባለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 አድሪያንና ማቲውስ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በሰው ፊት ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን አድርገው የአንጎሉን ሞገድ ተመለከቱ። ሞገዱ የብርሃኑን ምት ተከተለ። ብርሃኑ በሰከንድ አሥር ጊዜ ብልጭ ሲል፣ ከጭንቅላት በስተኋላ ያለው የእይታ ክፍልም በሰከንድ አሥር ጊዜ መታ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በገበያ ቀን አንድ ገበያ መሐል ስትቆሙ የሺዎች ድምፅ ይሰማችኋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ጉዳይ ስለሚያወራ አንድም ቃል ተለይቶ ጎልቶ አይወጣም። በመስጂድ ደጃፍ ስታልፉ ግን ጀመዓው ከኢማሙ ኋላ በአንድ ጊዜ "አሚን" ሲል ከሩቅ ይሰማል። በተለመደው ጊዜ የአንጎል ሕዋሳት እንደ ገበያተኛው ናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ሥራ ተጠምዷል። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲመጣ ግን በእይታ ክፍሉ ያሉት እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ "ይናገራሉ"፣ በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ።

በአብዛኞቻችን ላይ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። አንጎል ፍሬን አለው። አንዱ ሕዋስ ሌላውን የሚያነቃቃውን ያህል፣ ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ "ይብቃ" እያሉ ያረግባሉ። ስለዚህ ምቱ በእይታ ክፍሉ ውስጥ ብቻ ይቀርና ብርሃኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ይህ ፍሬን በተፈጥሮ ላላ ያለ ነው። በኅብረት የመታው ምት ከእይታ ክፍሉ ያመልጥና ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ይዛመታል። ጡንቻን ወደሚያዝዘው ክፍል ሲደርስ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ንቃትን የሚጠብቀው ሲናጋ ሰውየው ራሱን ይስታል። "የሚጥል በሽታ" የምንለው ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፤ በአንጎል ውስጥ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ማዕበል።

ይህንንም በ1940ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያ የብሪስቶል ከተማ ይሠራ የነበረው ግሬይ ዋልተር በምርምር አሳየ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ብልጭልጭ መብራት በመጠቀም በአንዳንድ ሰዎች አንጎል ላይ የሚጥል በሽታን የሚመስል ሞገድ መቀስቀስ ቻለ። እስከ ዛሬም ሐኪሞች ኢ.ኢ.ጂ ሲያደርጉ በሕመምተኛው ፊት መብራት በተለያየ ፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ አንጎሉ ለብርሃን የሚቆጣ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ።

በአንድ ምሽት 685 ሰዎች

ዓለም ይህን ጉዳይ በሚገባ የተረዳው በጃፓን ከደረሰ አንድ ክስተት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1990፣ ምሽት ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የጃፓን ልጆች "ፖኬሞን" የተሰኘውን የካርቱን ፊልም በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ፍንዳታ የሚያሳይ ትዕይንት መጣ። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንዶች በቀይና በሰማያዊ ቀለም፣ በሰከንድ ወደ 12 ጊዜ ያህል ተፈራረቀ።

በዚያ ምሽት 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከፊሎቹ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከፊሎቹ የራስ ምታት ነበረባቸው። ሌሎቹ ደግሞ ወድቀው ተንቀጥቅጠዋል። ከወደቁት ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከዚያ በፊት ወድቀው አያውቁም ነበር። ሌላው አሳዛኝ ነገር፣ ዜናውን ለመዘገብ ያንኑ ትዕይንት መልሰው ያሳዩ ጣቢያዎች ተጨማሪ ሰዎችን ማሳመማቸው ነው። ፊልሙ ለአራት ወራት ተቋረጠ፤ ያ ክፍልም ዳግም በቴሌቪዥን አልታየም።

ከዚያ በፊትም በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ምክንያት ሰዎች በመውደቃቸው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች መመሪያ ወጥቶ ነበር። ዛሬ በብዙ አገራት በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚሠራበት ልክ በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ አይለፍ የሚል ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በሰከንድ ሦስት።

ማንን ያሰጋል?

እዚህ ላይ ነገሩን ማጋነን አንፈልግም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል በብርሃን ብልጭታ የሚነሳባቸው ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ4,000 ሰዎች አንዱ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ "የሚጥል በሽታ ሁሉ ከመብራት የሚመጣ ነው" ማለት ስህተት ነው። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የዘር ውርስና ሌሎችም ምክንያቶች አሉት።

ሆኖም ስጋቱ በሁሉም ዕድሜ እኩል አይደለም። ከ7 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጆችና ወጣቶች ላይ ከሌላው ዕድሜ በአምስት እጥፍ ያህል ጎልቶ ይጀምራል፤ በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ከወንዶች በርከት ይላል። ብዙዎቹ እስኪወድቁ ድረስ ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም። በሰርጉ ላይ የወደቀችውም ልጅ በዚሁ ዕድሜ ክልል ውስጥ ነበረች።

አደጋውን የሚያባብሱት ነገሮችም የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፍጥነት ነው። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚፈራረቅ ብልጭታ፣ ይልቁንም ከ15 እስከ 25 ያለው፣ እጅግ ያሰጋል። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ ደማቅ ቀይ ከሌሎች ቀለማት ይብሳል። ሦስተኛው ስፋት ነው፤ ብርሃኑ የእይታችንን ሰፊ ክፍል በሞላ ቁጥር የሚነቃው የአንጎል ክፍልም ይሰፋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከቴሌቪዥን አጠገብ ተጠግቶ መቀመጥ ለዚህ ነው የማይመከረው። ጥቁርና ነጭ እየሆኑ የተደረደሩ ወፋፍራም መስመሮችም ባይንቀሳቀሱ እንኳ በአንዳንዶች ላይ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣሉ። በመጨረሻም እንቅልፍ ማጣትና ድካም አለ። ሌሊቱን ሲያመሽ አድሮ ያልተኛ አንጎል ፍሬኑ ይላላል።

ብልጭታው ከዲስኮ መብራት ብቻ የሚመጣ አይደለም። የስልክና የቪዲዮ ጌሞች፣ ሊቃጠል የደረሰ ፍሎረሰንት፣ በኃይል መዋዠቅ የሚርገበገብ አምፖል አሉ። ፀሐይ ዝቅ ስትል በመኪና ስንጓዝ፣ በመንገድ ዳር በተደረደሩ ባሕር ዛፎች መሐል የሚያልፈው ጨረርም ፊታችን ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

የማይታየው ብልጭታና የራስ ምታታችን

በፍጥነቱ ምክንያት የማናየው ብልጭታ ሰውን አይጥልም፤ ግን ጨርሶ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ በለንደን በአንድ መሥሪያ ቤት ባደረጉት ጥናት፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበውን የድሮ ዓይነት ፍሎረሰንት ከእሱ እጅግ በሚፈጥን፣ ርግብግቢቱ እዚህ ግባ በማይባል ሌላ ፍሎረሰንት ለወጡት። የትኛው መብራት የቱ እንደሆነ ሠራተኞቹ አያውቁም ነበር። በአዲሱ መብራት ሥር የራስ ምታትና የዓይን ድካም በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ይህ ነገር ለትምህርት ቤቶችና ለመድረሳዎቻችን ቅርብ ነው። ሕፃናት ማታ ማታ ቁርኣን በሚቀሩበት ክፍል ውስጥ የሚንዘረዘር ፍሎረሰንት ካለ፣ አንድ ልጅ ዓይኑን እያሸ "ራሴን አመመኝ" ሲል ሁልጊዜ ስንፍና አድርገን ባንወስደው መልካም ነው። እኛም በአስተማሪነት ዘመናችን እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች ተቆጥተናል፤ አላህ ይማረን።

ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ አምፖሎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ጥሩ የተሠራው አምፖል ኃይሉን አስተካክሎ የሚሰጥ ክፍል በውስጡ አለው፤ ርካሹ ግን ይህ ይጎድለዋል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ በዝግታ በሚያሳየው የቪዲዮ አቀራረጽ አምፖሉን ቅረጹት። ቪዲዮው ላይ ብርሃኑ ሲጠፋና ሲበራ ከታየ፣ ወይም በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ካለፉ አምፖሉ ይርገበገባል ማለት ነው። ልጆች በሚያጠኑበት ክፍል ባይሆን ይመረጣል።

ብልጭታ መድኃኒት ይሆናልን?

በማኅበራዊ ሚዲያ "ይህን ብልጭታ ተመልከቱ፣ የማስታወስ ችሎታችሁ ይጨምራል" የሚሉ ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ። የወሬው ምንጭ እውነተኛ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ፕሮፌሰር ሊ ሁዌ ጻይና ባልደረቦቿ በሰከንድ 40 ጊዜ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ አልዛይመር የተባለውን የመርሳት በሽታ እንዲይዙ በተደረጉ አይጦች አንጎል ውስጥ ከበሽታው ጋር የሚያያዘውን ፕሮቲን እንደቀነሰ አሳወቁ። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ያንኑ ውጤት አላገኙም። በሰዎች ላይም እየተሞከረ ነው እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና አልሆነም። ስለዚህ እነዚህን ቪዲዮዎች ለልጆች ማሳየት ጥቅሙ ያልተረጋገጠ፣ ለአንዳንዶች ደግሞ አደጋ ያለው ነገር ነው።

"ጂን ነው" ከማለታችን በፊት

አሁን ወደ ሰርጉ አዳራሽ እንመለስ። ልጅቷ ስትወድቅ በብዙዎቻችን አፍ ላይ ቀድሞ የመጣው ቃል "ጂን" ነበር። የጂንን መኖር ቁርኣን የነገረን ስለሆነ ማንም ሙስሊም አይክደውም። ነገር ግን የወደቀ ሁሉ ጂን የያዘው ነው ማለት ዑለማዎቻችን ያላሉት ነገር ነው። ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) "ዛዱል መዓድ" በተሰኘው ኪታባቸው ሰርዕን፣ ማለትም መውደቅን፣ ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ከአካል ሕመም የሚመጣና ሐኪሞች የሚነጋገሩበት እንደሆነ በግልጽ አስቀምጠዋል። ከእሳቸው በፊት ኢብኑ ሲና "አል ቃኑን" በተባለው የሕክምና መጽሐፉ ሰርዕን ከአንጎል በሽታዎች ጋር መድቦ ጽፎበታል። ብርሃን ሲበራ የሚመጣ፣ ብርሃኑ ሲጠፋ የሚረግብ፣ በኢ.ኢ.ጂ የሚታይ፣ በመድኃኒት የሚገታ ነገር ከየትኛው ክፍል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በቡኻሪና ሙስሊም የተዘገበውን የኡሙ ዙፈርን ታሪክ እናስታውስ። ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ እንደሚተርኩት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) አንዲት ጥቁር ሴት አሳይተዋቸው ከጀነት ሰዎች አንዷ እንደሆነች ነገሯቸው። ይህች ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ የሚጥል በሽታ እንዳለባትና ስትወድቅ ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ብትታገስ ጀነት እንደሚኖራት፣ ከፈለገች ደግሞ እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። እሷም ትዕግሥቱን መረጠች፤ ነገር ግን ስትወድቅ እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም።

ይህን ሐዲስ አንዳንዶች "ትዕግሥት ከሕክምና ይበልጣል" ብለው መድኃኒት ለመከልከል ይጠቅሱታል። ምርጫው ግን የሷ የራሷ ነበር፤ ማንም አልመረጠላትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ለእያንዳንዱ በሽታ አላህ መድኃኒት እንዳወረደ ነግረው እንድንታከም አዘዋል። ከዚህ ሐዲስ እኛ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። ከሕመምተኛዋ ማንም አልሸሸም፤ ማንም አልተጸየፋትም፤ የጀነት ሰው ተብላ ተመሰከረላት። እሷን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ደግሞ መውደቁ ሳይሆን ክብሯ መነካቱ ነበር። ዛሬ ስልካችንን አውጥተን የወደቀን ሰው የምንቀርጽ ሰዎች ይህን ብናስበው።

በአገራችን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ውጤት፣ ከ1,000 ሰዎች ውስጥ አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል። ከነዚህም መካከል እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ነበሩባቸው። በሽታው በመነካካት ይተላለፋል የሚለው እምነት ሰፊ እንደነበርም መዝግበዋል። አንድ ሰው እሳት ላይ ወድቆ አጠገቡ ያለው "ይተላለፍብኛል" ብሎ ሳያነሳው ሲቀር የሚከተለውን አስቡት። በሽታው በመንካትም፣ በምራቅም፣ በአረፋም አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ከሕመምተኞቹ 70 በመቶ የሚሆኑት በአግባቡ ቢመረመሩና ቢታከሙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ሩቅያ ማድረግ፣ ቁርኣን መቅራት፣ ዱዓ ማብዛት የአማኝ ስንቅ ነው። የምንለው፣ ሩቅያው ሐኪሙን አይተካ፤ ልጁም ወራትና ዓመታት ያለ ምርመራ አይቆይ ነው። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነውና።

ምን እናድርግ?

ሰው ሲወድቅ፦

1. በመጀመሪያ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ወይም ስክሪን አጥፉ፤ መደበኛውን መብራት ግን አብሩ።
2. ሰዓት ተመልከቱ። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል።
3. አጠገቡ ያሉትን ወንበሮችና ስለት ነገሮች አርቁ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ወይም ሻሽ አድርጉ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉ።
4. ክብሪት አታሽትቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ። ውኃ አታጠጡ። በጉልበት አትያዙት።
5. መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ።
6. ገላውን ሸፍኑ፤ ሰው አርቁ፤ ቀረጻ ከልክሉ። እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ።
7. ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከወደቀ፣ ከተጎዳ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ለብርሃን የሚቆጣ አንጎል ያለው ሰው ድንገት ብልጭታ ቢገጥመው ዓይኑን መጨፈን ብቻ አይበቃውም፤ ብርሃኑ በዓይን ቆብ አልፎ ይገባል። ይልቁንም አንዱን ዓይን በመዳፉ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊቱን ማዞር ነው ያለበት። አንድ ዓይን ሲሸፈን በኅብረት የሚመታው የአንጎል ክፍል ይቀንሳል።

ለወላጆች፦ ልጆች በጨለማ ክፍል ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ አይመልከቱ፤ ከቴሌቪዥን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ፤ ረጅም ሰዓት ጌም አይጫወቱ፤ እንቅልፋቸው ይጠበቅ። ልጃችሁ ቴሌቪዥን እያየ በድንገት የሚፈዝ፣ ወይም እጁ ሳያስበው ብርግግ የሚል ከሆነ ለሐኪም ንገሩ።

ለሰርግ አዘጋጆችና ለቪዲዮ ባለሙያዎች፦ ደስታ ያለ ብልጭልጭ መብራትም ይደምቃል። ብልጭታው የግድ ከሆነ በሰከንድ ከሦስት አይለፍ፤ ልጆች ከመድረኩ ፊት አይቀመጡ፤ ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር።

መድኃኒት ለሚወስዱ፦ ክኒኑን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፤ መውደቁ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ይህ በተለይ በረመዷን ይታሰብበት። የመድኃኒት ሰዓት ሲዛባ፣ ከተራዊሕ እስከ ሱሑር እንቅልፍ ሲጠፋ አደጋው ይጨምራል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው ገርነትን አድርጎለታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን፣ ከዚያም የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ አላህ የሰጠውን ሩኽሳ መቀበል የኢማን ጉድለት አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው በመቶዎች የምንቆጠር ሰዎች አንዳችን ይህን ብናውቅ ኖሮ፣ ከክብሪትና ከማንኪያ በፊት እጃችን የሚሄደው ወደ መብራቱ ማጥፊያ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ቢያንስ ለአንድ የቤተሰቡ አባል ይንገር። በቀጣዩ ሰርግ ላይ ማጥፊያውን የሚያስታውሰው እሱ ሊሆን ይችላልና።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚጠቅመንን ዕውቀትም ይጨምርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።